ጸጥ ያለ መንገድ ፍለጋ፦ አምስት የሜዲትራኒያን የብስክሌት አካባቢዎች ጎን ለጎን

«ዘንድሮ ፈረንሳይ ይሻለኛል፣ ጣልያን ወይስ ስፔን?» የአውሮፓ ብርድ ሊያልፍ ሲል ብስክሌት ከሚወዱ ጓደኞቼ ይህ ጥያቄ አይቀርም። አንዱ ከሮም ይደውላል፣ ሌላዋ ከዋሽንግተን ትጽፋለች፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ ሆኖ የቪዛ ወረቀት እያሰባሰበ ነው። ሁሉም ፎቶ አይተዋል። የወይን እርሻ፣ የድንጋይ መንደር፣ ባዶ አስፋልት። ፎቶው ላይ የማይታየው ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው።

እኔ ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። ዝነኛውን ተራራ ተዉትና መጀመሪያ መኪና የማይበዛበትን መንገድ ፈልጉ። ተራራው የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። መንገዱ ግን ሳምንቱን ሙሉ አብሯችሁ ይውላል። በዚህ ዓይን አምስት አካባቢዎችን አነጻጽሬያለሁ፦ ሉቤሮን በፈረንሳይ፣ ቶስካናና ፑሊያ በጣልያን፣ ጂሮናና ማዮርካ በስፔን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ ወራቱ ግን በእኛ። በጋ ስል የእነሱን ሞቃት ወራት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

አንደኛው የመኪና ብዛት ነው። ካርታ ላይ የመንገዱን ቁጥር ማንበብ ልመዱ። ማዮርካ ላይ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ዋና መንገድ ነው፣ ባለ አራት አኃዝ ደግሞ የገጠር መንገድ ነው። ጣልያን ውስጥ የክፍለ ሀገር መንገዶች «ኤስፒ» ይባላሉ። ከእነሱም በታች የማዘጋጃ ቤት መንገዶች አሉ፤ ደስታው ያለው እዚያ ነው። ፈረንሳይ ላይ ግን ቁጥር ያታልላል። ሉቤሮንን የሚያቋርጠው ዲ900 የገጠር መንገድ ይመስላል እንጂ የድሮ ብሔራዊ አውራ ጎዳና ነው፤ የጭነት መኪና አያጣም።

ሁለተኛው ዳገት ነው። እዚህ ላይ የከፍታውን ድምር ብቻ ሳይሆን አወጣጡንም እዩ። ሃያ ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ የሚወጣ መንገድና በየአምስት ደቂቃው ቀጥ ብሎ የሚነሳ ጉብታ እግር ላይ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ወለሉ ነው፤ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር? አራተኛው ወቅትና ነፋስ። አምስተኛው ከባቡር ጣቢያ ያለው ርቀትና ወጪው። ስድስተኛ የምጨምረው ውሃ ነው። በየስንት ኪሎ ሜትሩ መንደር አለ? መንደሩስ የሚጠጣ ውሃ አለው? በበጋ ሙቀት ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሉቤሮን፦ ከሁሉም የተሟላው

ሉቤሮን በፕሮቫንስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተጋደመ ረጅም ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ 1,125 ሜትር ነው። ከ1977 ጀምሮ አካባቢው የተፈጥሮ ፓርክ ተብሎ ይጠበቃል። በሰሜኑ የካላቮን ሸለቆ አለ። ጎርድ፣ ሩሲዮን፣ ቦንዩ፣ ላኮስት፣ ሜኔርብ የሚባሉት መንደሮች ከሸለቆው በላይ አፋፍ አፋፉን ይዘው ተቀምጠዋል። ከአንዱ ቆሞ ሌላው ይታያል። ስለዚህ ካርታ ብትረሱም መንገድ አይጠፋችሁም።

ለጀማሪ ትልቁ ስጦታ በሸለቆው ወለል ላይ ያለው የካላቮን የብስክሌት መንገድ ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነሥቶ አስፋልት ለበሰ፤ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና የሚባል ነገር ሳታዩ ትሄዳላችሁ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱም ለጥ ያለ ነው።

በዚሁ መንገድ ዳር የጁልየን ድልድይ አለ። ሮማውያን የሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3 ዓመት ነው። እስከ 2005 ድረስ መኪና ያልፍበት ነበር፣ አሁን ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ነው። እዚያ ስትደርሱ ውረዱና ግፉ። ጠርዙ ላይ ያለውን ድንጋይ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ፀሐይ የበላው ዳቦ ቅርፊት ይመስላል። ከሥር ያሉት ሦስት ቅስቶች ጥላ ይሰጣሉ፤ ወንዙ በበጋ ቀጭን ነው፣ የሚሰማው የጥንዚዛ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ ልቆም ብዬ አንድ ሰዓት ቆይቻለሁ።

ጠንከር ያለ ጉዞ ለሚፈልግ ተራራውን የሚዞር፣ ምልክት የተተከለለት ወደ 240 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙር አለ። በአራት ወይም በአምስት ቀን ተረጋግቶ ያልቃል። ምልክቱ ሆን ተብሎ በጥቃቅን መንገዶች ስለሚወስድ ዲ900ን ረስታችሁት ትከርማላችሁ። ከደቡብ በኩል ያሉት ኩኩሮንና አንሱዊ ከሰሜኖቹ ይልቅ ቱሪስት ያንሳቸዋል። ለእኔ የተሻሉት እነሱ ናቸው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ ሚስትራል የሚባለው ነፋስ። ከሰሜን በሮን ወንዝ ሸለቆ ይወርድና ለቀናት ሳያቋርጥ ይነፍሳል። መላው ቀላል ነው፦ ጠዋት ጉልበት ሳለ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ውጡ፣ ከሰዓት እሱ እየገፋ ይመልሳችኋል። ሁለተኛው የላቬንደር ወቅት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ሐምራዊው አበባ ሲፈካ መኪናም አብሮ ይፈካል። ጎርድ ዙሪያ ያኔ አይመከርም። ግንቦትና መስከረም ምርጥ ናቸው።

ዝነኛው የቬንቱ ተራራስ? ከቤድዋን በኩል 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 1,600 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ነው። ጫፉ 1,910 ሜትር ይሆናል። አዲስ አበቤ እዚህ ላይ ይደሰት፤ የቬንቱ አናት ከመስቀል አደባባይ ዝቅ ይላል። ትንፋሹ እንግዳ አይሆንባችሁም። ነፋሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ፅጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን በተሳተፈበት በ2016፣ የቬንቱ ቀን መድረሻው በነፋስ ምክንያት ስድስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ዝቅ ተደርጓል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከተራራው ይልቅ በደቡብ ምሥራቅ ያለውን የኔስክ ገደል መንገድ ይምረጥ። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አለቱን ሰንጥቆ ያልፋል፣ መኪናው ጥቂት ነው።

ፑሊያ፦ ጸጥታው የበዛ፣ ኪስ የማይጎዳ

ከጣልያን ካርታ ተረከዙ ላይ ቫሌ ዲትሪያ የሚባል አካባቢ አለ። ሸለቆ ይባል እንጂ ከባሕር ወለል በ350 እና 400 ሜትር መካከል ያለ ሜዳማ አምባ ነው። አልቤሮቤሎ፣ ሎኮሮቶንዶ፣ ማርቲና ፍራንካና ቺስተርኒኖ ተቀራርበው ይገኛሉ፣ ከአንዱ ሌላው ከአንድ ሰዓት ጉዞ ብዙም አይርቅም። የአልቤሮቤሎ ቤቶች ትሩሊ ይባላሉ። ጭቃም ሲሚንቶም ሳይገባ በድንጋይ ብቻ የተከመሩ፣ አናታቸው ሾጣጣ ነው። እኛ ጎጆ ያደግን ሰዎች ቅርፁን ስናይ ልባችን ደንገጥ ይላል። ዩኔስኮ በ1996 መዝግቧቸዋል።

መንገዶቹ በሁለት የድንጋይ ካብ መካከል የሚያልፉ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማንም ፍጥነት አይጨምርም። አንድ ጠዋት ከሎኮሮቶንዶ ወደ ቺስተርኒኖ ስሄድ የገጠመኝ ሞተር አንድ ብቻ ነበር። ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ነው፣ የእኛን ባጃጅ ጀርባውን ከፍታችሁ ሣጥን ብታስሩበት እሱን ይሆናል። አሽከርካሪው ሽማግሌ ካቡ ተገፍቶ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ዳር ይዘው ቆሙልኝ። ከኋላ የቲማቲም ሣጥን ጭነዋል። በእጃቸው «እለፍ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መንደሩ ድረስ የራሴን ሰንሰለት ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

እዚህ አገር ልዩ የሆነው መንገድ የውሃ መስመሩ ነው። የፑሊያ የውሃ ቦይ ሥራ በ1906 ተጀመረ። ከአፔኒን ተራሮች ማዶ፣ ከሴሌ ወንዝ ምንጭ የተነሣው ውሃ ባሪ የገባው በ1915 ነው። ውሃው የሚሄደው በራሱ ክብደት፣ ቁልቁል እየፈሰሰ ነው። ስለዚህ ከላዩ ያለው የጥገና መንገድም ዘንበል ማለቱ ጨርሶ አይታወቅም። ከቺስተርኒኖ አቅራቢያ ወደ ቼሊዬ ሜሳፒካ የሚሄደው ክፍል ለብስክሌት ተስተካክሏል። ወለሉ ደቃቅ ጠጠር ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰውም ይመቻል።

ምግቡን ሳላነሳ አላልፍም። ለብስክሌት ጥሩ የሆነው መጋቢትና ሚያዝያ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ፑሊያ ውስጥ «ፋቬ ኤ ቺኮሪያ» ብላችሁ እዘዙ። ተቀቅሎ የላመ ባቄላ፣ የተቀቀለ መራራ ጎመን፣ ከላዩ የወይራ ዘይት። ሥጋም ወተትም የለበትም፣ ሆድም ይይዛል።

አሁን ጉድለቱ። ጥላ የለም፤ ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። የመንገድ ምልክት ስለሚያንስ ስልክ ላይ መስመር ጭናችሁ ሂዱ። የእርሻ ቤት ውሻ ያጋጥማል፣ ስታዩት ፍጥነት ከመጨመር ወርዶ ብስክሌቱን በመሃል አድርጎ መራመድ ይሻላል። ወደ ደቡብ ዝቅ ስትሉ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር ታያላችሁ። ከ2013 ጀምሮ በታወቀው የዛይሌላ በሽታ የደረቁ የወይራ ዛፎች እንደ አመድ ግራጫ ሆነው ቆመዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጉዞ ቫሌ ዲትሪያ ውስጥ ቆዩ።

ቶስካና፦ ነጩ ጠጠር

የቶስካና ጸጥታ የሚገኘው ከአስፋልቱ ስትወርዱ ነው። ኤስአር222 የሚባለው የኪያንቲ መንገድ ውብ ነው፣ ግን ወይን ቀማሽ ሁሉ በመኪና የሚሄድበት እሱ ነው። ነጮቹ የጠጠር መንገዶች ግን አቧራቸውን መኪና ይጠላዋል። እነዚህ መንገዶች በአስፋልት እንዳይጠፉ ጃንካርሎ ብሮቺ በ1997 ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ ላይ ሌሮይካ የተባለውን የድሮ ብስክሌቶች ጉዞ ጀመረ። ዛሬ 209 ኪሎ ሜትር የሆነው ዙር ዓመቱን ሙሉ ምልክት ተተክሎለት ይጠብቃል። ግማሽ ያህሉ ጠጠር ነው። በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም፣ በሦስት ቀን ከፋፍሉት።

ከሲየና ደቡብ ምሥራቅ ያለው ክሬቴ ሴኔዚ ዛፍ የሌለው የሸክላ አፈር ኮረብታ ነው። ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ቤቱ ከቤት ይራራቃል። ዝናብ ከጣለ ግን ያ ነጭ አቧራ ጭቃ ይሆንና ጎማና ፍሬን መሃል ይለጠፋል። አንድ ቀን ቆይቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

ዳገቱን አትናቁት። ቶስካና ረጅም ተራራ ባይኖረውም ለጥ ያለ ቦታም የለውም። ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ ደግሞ ትወጣላችሁ። አንድ ጊዜ ብስክሌት ስከራይ የማርሹን ጥርስ ሳላይ ወሰድኩ። አከራዩም «ይበቃሃል» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ጠጠር ዳገት ላይ ወርጄ ስገፋ ዋልኩ። የኋላው ትልቁ ማርሽ 32 ወይም 34 ጥርስ ከሌለው አትቀበሉ፤ የጎማውም ስፋት 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ቋንቋው ደግሞ ያን ያህል አያስቸግርም። ፍሬንና ጎማ የሚሉት ቃላት ከእነሱ ነው የመጡልን፣ ጣልያኑ መካኒክ ይገባዋል።

ጂሮና፦ ሁሉም ቅርብ የሆነበት

ጂሮና ብዙ ፕሮፌሽናል ጋላቢዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ምክንያቱን አንድ ጠዋት ስትነዱ ታውቁታላችሁ። ከድሮው ከተማ ወጥታችሁ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጫካ ውስጥ ናችሁ። ወደ ኤልስ አንጀልስ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ዳገት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፤ ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ በ1958 የተዳረው እዚያ ነው።

ዳገት ለማይፈልግ ካሪሌት የሚባለው የድሮ ባቡር መስመር አለ። ባቡሩ በ1969 ቆመ። ከኦሎት ጂሮና 54 ኪሎ ሜትር፣ ከጂሮና ሳን ፌሊዩ ባሕር ዳርቻ 39 ኪሎ ሜትር ነው። ከኦሎት ብትነሡ መጀመሪያ ትንሽ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው። ወለሉ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው። በምሥራቅ በኩል ፔራታላዳ፣ ፓልስና ሞኔልስ የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች ሜዳ ላይ ተቀራርበው አሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ወደ ሰሜን ስትርቁ ትራሙንታና የሚባለው ነፋስ ይበረታል።

ማዮርካ፦ ወደ መሃል ግቡ

የማዮርካ ዝና ሳ ካሎብራ ነው። በ1932 የተሠራ፣ ወደ ባሕር የሚጠማዘዝ፣ ወደ 9.5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት። ግሩም መንገድ ነው፣ ጸጥታ ግን የለውም፤ የቱሪስት አውቶቡስ ጥምዝ ላይ ያገኛችኋል። ወደ ፎርሜንቶር የባሕር ጫፍ የሚወስደው መንገድም ያው ነው፣ በበጋ ቀን ቀን ለግል መኪና የሚዘጋውም ስለተጨናነቀ ነው። በሚያዝያ ደግሞ ደሴቱ በብስክሌተኛ ይሞላል፤ የአልጋ ዋጋም ይወጣል።

የእኔ ማዮርካ መሃሉ ነው። ሲኔው፣ ፔትራ፣ ሞንቱይሪ፣ ፖሬሬስ። ሜዳ ነው፣ አስፋልቱ ልስልስ ነው፣ በካብ የታጠሩ የአልሞንድ እርሻዎች አሉ። የካቲት ላይ አበባው ነጭና ሮዝ ሆኖ ይፈካል፤ ያኔ ሌላው አውሮፓ ብርድ ላይ ነው። በየካቲት ፈቃድ ለሚያገኝ ሰው ከአምስቱ አንደኛ ምርጫ ይህ ነው።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| አካባቢ | ጸጥታ | ዳገት | ወለል | ጥሩ ወራት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሉቤሮን | ከዋናው መንገድ ውጭ ጥሩ | መካከለኛ፤ ሸለቆው ለጥ ያለ | አስፋልት | ግንቦት፣ መስከረም | ከፍ ያለ |
| ፑሊያ | በጣም ጥሩ | ቀላል | ሻካራ አስፋልት፣ ጠጠር | ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ መስከረም፣ ጥቅምት | ዝቅ ያለ |
| ቶስካና | ጠጠሩ ላይ በጣም ጥሩ | ከባድ፣ የሚደጋገም | ነጭ ጠጠር፣ አስፋልት | ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረም | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ጂሮና | ጥሩ | እንደ ምርጫችሁ | አስፋልት፣ የተጠቀጠቀ ጠጠር | ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ መስከረም፣ ጥቅምት | መካከለኛ |
| ማዮርካ (መሃሉ) | ጥሩ፤ ተራራው ላይ ደካማ | ቀላል | ልስልስ አስፋልት | የካቲት፣ መጋቢት፣ ጥቅምት | በሚያዝያ ውድ |

ለማን የቱ?

ብስክሌት ከያዛችሁ ገና ዓመት ካልሞላ ወይም ልጆች አብረው ካሉ ጂሮና ሂዱ። ካሪሌት ላይ ከመኪና ጋር አትጋፉም፣ ቢደክማችሁም ከተማው ቅርብ ነው። ሉቤሮን ሁለተኛ ነው።

ገንዘብ አጠር ካለ ፑሊያ። ብዙ አታቅማሙ። አንድ መንደር ላይ አልጋ ይዛችሁ በየቀኑ በሌላ አቅጣጫ ዙሩ፣ ዕቃ መሸከምም ይቀራል። ከሮም ባቡር አለ። በጣልያን የክልል ባቡሮች የብስክሌት ምልክት ባላቸው ላይ ተጨማሪ ትኬት ገዝቶ እንዳለ መጫን ይቻላል። ፈጣኖቹ ላይ ግን ተፈታቶ ከረጢት ውስጥ መግባት አለበት።

አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ብስክሌት የማይነዳ ከሆነ ሉቤሮን ይሻላል። እናንተ ስትዞሩ እሱ ወይም እሷ ገበያና መንደር ያያሉ፣ ምሳ ላይ ትገናኛላችሁ። ጉልበት ያለው፣ ጠጠር የማይፈራ፣ ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው ደግሞ ቶስካና ነው አገሩ።

አምስቱም አካባቢዎች በሸንገን ቪዛ ይሸፈናሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሁለት አገር የምትነዱ ከሆነ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ስለዚህ መስመሩን ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት ጨርሱት።

ሄልሜት ስፔን ውስጥ ከከተማ ውጭ ግዴታ ነው፣ ሌላም ቦታ አድርጉት። ስፔንም ፈረንሳይም ከከተማ ውጭ የሚያልፋችሁ መኪና 1.5 ሜትር እንዲርቅ ሕግ አላቸው። ጣልያንም በ2024 መጨረሻ፣ መንገዱ በፈቀደ ቦታ ሁሉ፣ ይህንኑ ደንግጋለች።

ውሃ ስትቀዱ ጽሑፉን አንብቡ። ፈረንሳይ ላይ «ኖን ፖታብል» ካለ አይጠጣም። ፑሊያ ውስጥ መንደር አደባባይ ላይ ከብረት የተሠሩ የድሮ ቧንቧዎች ታገኛላችሁ፣ ያ ከተራራ ማዶ የመጣው ውሃ ነው። ቁልፉን ጫን ስትሉት ይፈስሳል። ሁለቱንም ጠርሙስ ሙሉና በምሳ ሰዓት ውጡ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲበላ መንገዱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።